ቦዩ ላይ የቆመ ፎቅ

እጅጋየሁ ቦዩ እየተደፈነ መሆኑን ያወቀችው የባሏን አንሶላ ልታሰጣ ወደ ጓሮ በወጣችበት ጠዋት ነው። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ የዘርአብሩክ የቀን ሠራተኞች ድንጋይና ቀይ አፈር በጋሪ እየገፉ ይደፋሉ። መጀመሪያ መሬት የሚያስተካክሉ መስሏት ነበር። ኋላ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ አፈሩ የሚደፋው በሁለቱ ግቢዎች መሀል በሚያልፈው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ነው። አንሶላው እጇ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ በተለይ ከተራራው ሥር ባለው ሰፈር የኖረ ሰው ቦይ ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። በበልግ፣ እዚህ ታች ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ላይ ጨንቻ ሰማዩ ይጠቁራል። ትንሽ ቆይቶ ጠብታ ያልጣለበት ሰፈር ውስጥ ውሃ ድንጋይና ግንድ እየነዳ ከተፍ ይላል። ያንን ቦይ የዛሬ ስንት ዘመን የቆፈሩት የእጅጋየሁ ባል ካሳና የዘርአብሩክ አባት ካሱ ናቸው። አንዱ ዶማ፣ አንዱ አካፋ ይዘው፣ እየተሳሳቁ፣ በየመሀሉ ጥላ ሥር እየተጋደሙ ቆፈሩት። ከዚያ ወዲህ ጎርፍ በሁለቱ ቤቶች መሀል ያልፋል እንጂ ማንንም ነክቶ አያውቅም።

እጅጋየሁ የቢቸና ልጅ ናት። በደርግ ጊዜ በመምህርነት ተመድባ አርባ ምንጭ ስትመጣ ጥቂት አስተምራ ወደ አገሯ ለመመለስ ነበር ሐሳቧ። ግብርና ቢሮ ይሠራ የነበረውን ካሳን አገባች፣ እሌኒን ወለደች፣ ግማሹን ሰፈር ፊደል አስቆጠረች፣ ጡረታ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ዘርአብሩክንም ሀ ሁ ያስቆጠረችው እሷ ናት። አሁን ሙዝ በአይሱዙ እየጫነ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ሆኗል። አባቱ ሲሞት የጭቃውን ቤት አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ተነሳ። ፎቅ መሥራቱን እጅጋየሁ አልጠላችም። እንዲያውም መሠረቱ የተጣለ ዕለት ከአጥር ወዲህ ሆና መርቃዋለች።

አንሶላውን ሽቦው ላይ ወርውራ ወጣች። ዘርአብሩክ በር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። ሲያያት ስልኩን ዘጋ።

«ዘርአብሩክ፣ ቦዩን ምን እያደረጋችሁት ነው?»

«አይስጉ ቲቸር፣ ትልቅ ቱቦ እቀብርበታለሁ። ከላይ ኮለን ይቆማል፣ ከታች ውሃው ያልፋል።»

«በአፈር ሞልተኸው ቱቦ በምኑ ይገባል?»

«ኢንጂነሩ ያውቃል።»

«ፈቃድ አለህ?»

ፈገግ አለ። በልጅነቱ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ እንዲሁ ነበር ፈገግ የሚለው። «በሂደት ላይ ነው ቲቸር። የዛሬ ሰው ፈቃድ እየጠበቀ ቢሠራ ከተማው ይሄን ታህል ያድግ ነበር?»

ቤት ገብታ ለካሳ ነገረችው። ካሳን ግማሽ ጎኑን ስትሮክ ከመታው ቆይቷል። ምላሱ ቢከብደውም አእምሮው ንጹሕ ነው። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሰማት።

«ውሃ... መንገዱን... ቢነፍጉት... ራሱ ይወስዳል» አለ በጭንቅ።

መጀመሪያ ያመራችው ወደ ሽማግሌ ነው። ጋሽ ኦይታ ከዶርዜ ወርደው ሲቀላ ከከተሙ የቆዩ፣ የሸማኔነቱን ሥራ ለልጆቻቸው ትተው ሰው በማስታረቅ የሚኖሩ፣ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም በሴት የሚጠሩ አዛውንት ናቸው። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው እሁድ ከሰዓት ዘርአብሩክን ሽፈራው ዛፍ ሥር አስቀመጡት። ዘርአብሩክ አልተከራከረም። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፣ የእጅጋየሁንም ሊስም ሲል ትከሻውን ይዛ አነሳችው። «አጥፍቻለሁ፤ ቦዩን እከፍታለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። እጅጋየሁ ያን ዕለት ደስ ብሏት ለካሳ ገንፎ ሠርታ በማንኪያ እያጎረሰችው «አየህ፣ አሳዳጊ የበደለው ልጅ አይደለም» አለችው።

በማግስቱ ማለዳ የአርማታ ማቡኪያው ድምፅ ቀሰቀሳት። በተደፈነው ቦይ ላይ ፌሮ ተተክሎ የፎቁ ምሰሶ፣ ኮለኑ፣ ይሞላል።

ጋሽ ኦይታ መጥተው አዩ። «ጎሜ ነው ይሄ» አሉ። በጋሞ ጎሜ ማለት ሰውም መሬትም የማይሸከመው ነውር ነው፤ የሠራውን ሰው ውሎ አድሮ ይፈልገዋል ይባላል። «ሽማግሌ ፊት የሰጠችውን ቃል የበላ ሰው እኔ ምን አደርጋለሁ? እንግዲህ ሕግ ጋ ሂጂ ቲቸር።»

ሕግ ጋ ሄደች።

የግንባታ ቁጥጥር ክፍሉ ኃላፊ ሀብተወልድ የሚባል፣ ሁልጊዜ ባርኔጣ የሚያደርግ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አቤቱታዋን አንብቦ ባለሙያ ላከ። ባለሙያው ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ተመለሰ። ዘርአብሩክ የተፈቀደለት በራሱ ወሰን ውስጥ ባለአንድ ወለል ቤት ነው። ፎቁ አልተፈቀደም፤ ቦዩ ላይ መቆሙማ ጭራሽ። አዲሱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «ይቁም» ተብሎ ተጻፈ። እጅጋየሁ ያን ቀይ ጽሑፍ ስታይ አጥር ተደግፋ ትንሽ አለቀሰች።

ሥራው በርግጥ ቆመ። ከሰኞ እስከ አርብ ቆመ። ቅዳሜ ሠራተኞቹ መጡ። እሁድ ምእመናን ነጠላ አጣፍተው ከቅዳሴ ሲመለሱ ማቡኪያው እየተሽከረከረ ነበር። በዓል ሲሆንማ ሁለት እጥፍ ሰው ያሰማራል። እጅጋየሁ ሰኞ ሰኞ ቢሮ መመላለስ ጀመረች።

«ቅዳሜና እሁድ እኛ ቢሮ ሰው የለም፣ ቲቸር» ይላታል ሀብተወልድ።

«እሱ ግን አለው።»

«ገባኝ። ማስጠንቀቂያ እንጽፍለታለን።»

ማስጠንቀቂያው ይጻፋል። ቀጣዩ እሁድ ሌላ ብሎኬት ይደረደራል። ግድግዳው ከእጅጋየሁ ጣሪያ ሲበልጥ ካሳ የተኛበት ክፍል ቀን በቀን ጨለመ፤ መብራት አብርታ ታጥበው ጀመር። ከባንኮኒው ጀርባ ያሉት ልጆች ገና ከበር ስትገባ ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተር ማዞር ለመዱ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንዲሉ፣ የተናገረችውን መልሳ ትናገራለች፤ የሰሙትን መልሰው ይሰማሉ። አንድ ቀን ድምፅዋ ከቁጥጥሯ ወጥቶ ጮኸች። ዕድሜ ልኳን ክፍል ውስጥ ጮኻ የማታውቅ ሴት ወዲያው በእጇ አፏን ያዘች። ሀብተወልድ ከወንበሩ ተነስቶ ውሃ ቀዳላት።

«ቲቸር፣ የማፍረስ ውሳኔ እንዲሰጥ የሁለታችሁም ይዞታ በአንድ ላይ መለካት አለበት» አላት። «ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

«ይለካ!» አለች። «ዛሬውኑ ይለካ!»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእሷ ነበር።

ልኬቱ የተካሄደ ቀን ሀብተወልድ ቃሉን አክብሮ መጣ። ባለሙያው ሜትር ዘርግቶ የዘርአብሩክን ጨረሰና ወደ እጅጋየሁ ግቢ ዞረ። ዋናውን ቤት አለፈ። ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ጋ ሲደርስ ካርታውን አገላብጦ አየ፣ ሀብተወልድን ጠራው፣ ሁለቱ በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ሰርቪሱ ካሳ በጤናው ጊዜ በገዛ እጁ ያቆመው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። አንዱ ማድቤት ነው፤ በሌላው ዲሪባ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከጓደኛው ጋር ይኖርበታል።

ሀብተወልድ ባርኔጣውን አወለቀ። «ቲቸር፣ ይህ ቤት ካርታው ላይ የለም። ግማሹም የቦዩ ጠርዝ ላይ ነው ያረፈው።»

«ይሄማ... እሌኒ ሳታድግ የተሠራ ነው! ያኔ ማን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር?»

«ያኔ ማንም። አሁን ግን የእሱን ጽፌ የእርስዎን ብተው ነገ በይግባኝ ይጥለዋል። አድልዎ ነው ይላል፤ እውነቱንም ነው።»

ለሁለቱም የማፍረስ ትዕዛዝ ወጣ።

ያን ሳምንት ዘርአብሩክ ከባለቤቱ ከትሁት ጋር ወደ እጅጋየሁ ቤት መጣ። የሙዝ ዘለላ አስይዞ ነው የመጣው። ትሁት ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ከበሩ አጠገብ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ካሳ ከተኛበት አልጋ ላይ አልነቀለችም።

«ቲቸር፣ አቤቱታውን ይተዉት» አለ ዘርአብሩክ። «እርስዎ ከተዉ ሌላ ከሳሽ የለም። ሁለታችንም ሕጋዊ የምንሆንበትን መንገድ እኔ እጨርሳለሁ። ሰርቪስዎም ይተርፋል፣ ቤቴም ይተርፋል። ቱቦውን ደግሞ በእግዚአብሔር ስም እቀብራለሁ።»

«ሽማግሌ ፊትም እንዲሁ ብለህ ነበር።»

«ያኔ ሌላ ነበር። ያለኝን ሁሉ እዚህ ቤት ላይ ነው የከተትኩት፣ ቲቸር። ቢፈርስ እኔም አብሬ ነው የምፈርሰው።» ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። እየዋሸ እንዳልሆነ እጅጋየሁ ገባት፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስጨነቃት።

ሲወጡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከሰርቪሱ ይልቅ ያሳሰባት ዲሪባ ነው። በየማለዳው ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ገብቶ «ጋሼ እንዴት አደሩ?» ብሎ ካሳን በሁለት እጁ አቅፎ የሚያገላብጠው፣ ገላውን ስታጥበው ደግፎ የሚይዝላት እሱ ነው። ካሳ ቁመተ ረጅም፣ አጥንተ ከባድ ሰው ነው። ብቻዋን አትችለውም።

«ምን ልበላቸው?» አለችው። «ተማሪዎቹ ከሄዱ ማን ያነሳሃል?»

ካሳ የተኛ መሰላት። ከዚያ ደህናውን እጁን አንቀሳቅሶ ቀሚሷን ያዘ።

«እጅጌ... ውሃው... ይቅርታ... አያውቅም። ይፍረስ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

በማግስቱ ቢሮ ሄዳ አቤቱታዋን እንደማታነሳ፣ የራሷም ይፍረስ ብላ ፈረመች። ከባንኮኒው ጀርባ ያሉት ልጆች ያን ዕለት ፊታቸውን አላዞሩም።

የቁጥጥር ክፍሉ አፍራሽ ሠራተኞች መጀመሪያ ወደ እሷ ግቢ ገቡ። የጭቃ ቤት ለማፍረስ ምን ይፈጃል? ቆርቆሮው ወረደ፣ ማገሩ ተነቀለ፣ ግድግዳው ገፋ ሲያደርጉት ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ዲሪባና ጓደኛው ፍራሻቸውን ጠቅልለው ካርቶናቸውን በገመድ አስረው ጥላ ሥር ቆመው ያያሉ። ያገኙት ቤት ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ነው፣ ሩቅ። ዲሪባ ገብቶ ካሳን ለመጨረሻ ጊዜ በጎኑ አስተኛው። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል።

«እመጣለሁ ቲቸር፣ ሁልጊዜ እመጣለሁ።»

«ና ልጄ» አለች። እንደማይመቸው ግን ታውቃለች።

ሠራተኞቹ አቧራቸውን አራግፈው በአጥሩ ዞረው ወደ ዘርአብሩክ ግቢ ሄዱ። እጅጋየሁ ተከተለቻቸው። ዘርአብሩክ በሩ ላይ ጠበቃ ይዞ ቆሟል። ጠበቃው ለሀብተወልድ ወረቀት ሰጠው። የፍርድ ቤት ዕግድ ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ንብረቱ እንዳይነካ ይላል። ሀብተወልድ አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገ።

«እጄ ታስሯል፣ ቲቸር።»

«የእኔ እኮ ፈርሷል» አለች ቀስ ብላ። ያልሰማት መስሏት ጮክ ብላ ደገመችው። «የእኔ እኮ ፈርሷል! አሁን፣ ፊትህ ላይ ፈረሰ!»

ሠራተኞቹ መዶሻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ዓይኗን እየሸሹ በአጠገቧ አለፉ። እጅጋየሁ ግቢዋ ገብታ ማድቤቷ በነበረው የጭቃ ክምር ላይ ተቀመጠች። ካሳ ከውስጥ «እጅጌ» እያለ ይጣራል። መነሳት አቃታት። ምን ብላ ትንገረው?

ፍርድ ቤት ሄደች፤ ነገሩ ለግንቦት ተቀጥሯል አሏት። «ጎርፉ እኮ ግንቦትን አይጠብቅም» አለቻቸው። መዝገብ የያዘችው ልጅ አዝና «እትዬ፣ ቀጠሮው የኔ አይደለም» አለች። ለእሌኒ ደወለች። እሌኒ ካምባ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። «እማዬ፣ ፈቃድ እንዳገኘሁ እመጣለሁ፣ አባዬን ካምባም ቢሆን እንወስደዋለን» አለቻት። ፈቃዱም መንገዱም እሺ አላለም። እጅጋየሁ በየቀኑ ወደ ላይ፣ ወደ ጨንቻ ሰማይ ማየት ሥራዋ ሆነ። በጆንያ አፈር ሞልታ በር ላይ ደረደረች። ካሳን ለማገላበጥ ስትታገል ወገቧን ታመመች። አንዳንድ ቀን ጋሽ ኦይታ መጥተው ያግዟታል፤ ግን እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ከሰዓት ተራራው ድንገት ጠፋ። ጥቁር ደመና ዋጠው። ሲቀላ ላይ ጠብታ የለም፤ ሕፃናት መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። እጅጋየሁ የካሳን ምሳ እያበላችው ነበር። መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ የመኪና መሰላት። ከዚያ ሕፃናቱ ሲጮሁ ሰማች።

ውሃው በቦዩ አቅጣጫ መጣ፤ ኮለኑንና አፈሩን መታ፤ ተጠማዘዘ። የቆርቆሮውን አጥር እንደ ወረቀት ገነጠለው። የአፈር ጆንያዎቹን አልፎ በበሩ ገባ፣ በመስኮቱም ሥር ገባ። ቀይ ነበር፤ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሟል። ወንበሩ ተንሳፈፈ። እጅጋየሁ የካሳን ብብት ይዛ ጎተተች። አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ጎተተች። ውሃው ፍራሹ ጋ ደርሶ ነበር።

«ሂጂ» አለ ካሳ። «አንቺ... ሂጂ።»

«ዝም በል!» ብላ ተቆጣችው። «አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል!» ከዚያ ባላት ድምፅ ሁሉ «የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። የውሃው ድምፅ ጩኸቷን ዋጠው።

በሩ ላይ ሰው አየች። ትሁት ናት። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ግድግዳ እየያዘች ገባች። በካሳ እግር በኩል ዞረች፤ እጅጋየሁ በራሱ በኩል ያዘች። ሁለቱ ሴቶች «በስመ አብ» ብለው አንድ ላይ አነሱት፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት። ጠረጴዛው ራሱ በውሃው ይናጋል። በሁለት በኩል በደረታቸው ተደግፈው ያዙት። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ትሁት በመስኮቱ አሻግራ የባሏን ግድግዳ እያየች ነበር። ውሃው በእሱ ሥር ማለፍ አቅቶት ወደዚህ ቤት ሲዞር በዓይኗ እያየች።

«እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ቲቸር፣ እውነት አላወቅኩም።»

እጅጋየሁ ካሳን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው።

የሰፈሩ ሰው ገመድ ይዞ ደርሶ ሲያወጣቸው ዘርአብሩክ ከተማ ውስጥ አልነበረም፤ ጭነት ይዞ ሄዷል። ካሳ ሆስፒታል ገባ። ብርዱ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ነበርና ሐኪሞቹ የተቻላቸውን አደረጉ። እሌኒ ጭቃ በጭቃ ሆና በእግርም በመኪናም ብላ ደረሰች፤ አባቷ እጇን ይዞ ስሟን ጠራት። ከዚያ ብዙ አልቆየም።

ትሁት ቀብሩ በዋለ ማግስት ለማንም ሳትናገር ፍርድ ቤት ሄደች። ፎቁ የባልና ሚስቱ የጋራ ሀብት ስለሆነ ዕግዱ የተጠየቀው በሁለቱም ስም ነው። «እኔ ዕግዱን አልፈልግም» አለች። «ቤቱ የሕዝብ ቦይ ላይ ነው የቆመው። ውሃውን አይቻለሁ።» ባሏ ሲመለስ ነገረችው። ሰፈሩ ሁሉ ጭቅጭቅ ጠበቀ። ነገር ግን ድምፅ አልተሰማም። ዘርአብሩክ ያን ዕለት የፎቁ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እንደዋለ ያዩት ተናገሩ። በዚያው ሳምንት በዋለው የግንቦት ቀጠሮ ጠበቃው አልተሟገተም፤ ዕግዱ ተነሳ።

ሀብተወልድ የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይነሳ መጣ። በግቢው ውስጥ ለቀስተኛ ተቀምጧል፤ እሌኒ ውሃ ታዞራለች። ሀብተወልድ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ እጅጋየሁ አጠገብ በርከክ አለ።

«ቲቸር፣ ሠራተኞቹ ውጭ ናቸው። ቦዩ ላይ ያለውን ሊያፈርሱ። ከፈለጉ ሐዘኑ ሲያልፍ እንመለሳለን።»

እጅጋየሁ አየችው። ይህን ቀን ስንት ጊዜ አልማው ነበር! አሁን ሲመጣ ውስጧ ምንም አልተነሳም፤ እንደ ባዶ እንስራ ሆነባት።

«ለምን ትመለሳላችሁ?» አለች። «ጀምሩ።»

መዶሻው ተጀመረ። በየምቱ ድንኳኑ ይንቀጠቀጣል። ለቀስተኛው ወሬውን አቆመ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና አነባች፤ ለካሳ ይሁን ለፎቁ አልታወቀም። በዚህ መሀል ዘርአብሩክ በድንኳኑ በር ገባ። ጢሙ አድጓል። የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ማንም አልተጠጋውም፣ ማንም አላባረረውም። ጋሽ ኦይታ ተነስተው ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው እጁን ይዘው ወደ እጅጋየሁ አመጡት። ዘርአብሩክ መሬት ላይ ተንበረከከ።

«ቲቸር» አሉ ጋሽ ኦይታ፣ «ልጁ መጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። አባቷና ካሳ ወንድማማች ነበሩ...»

እጅጋየሁ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። የዘርአብሩክ አናት ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ነበር፤ ከሚፈርሰው ቤት ሥር አልፎ ነው የመጣው። እጇ ሊያራግፍለት ዳድቶ ተመለሰ።

«አልችልም፣ ጋሽ ኦይታ» አለች። «ክፉ ሆኜ አይደለም። የለኝም። ከየት አምጥቼ ልስጠው?»

ሽማግሌው አልተጫኗትም። «እንጠብቃለን» ብለው ዘርአብሩክን አነሱት። ዘርአብሩክ ወጥቶ አልሄደም፤ የኋላ አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ትሁት በሌላ በኩል ገብታ የእሌኒን ጆግ ተቀበለቻት፤ ለሰዉ ውሃ ማዞር ጀመረች።

እሌኒ እናቷን በክንዷ ደግፋ ወደ ቤት አስገባቻት። ወለሉ ገና ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ከጎረቤት የመጣ ፍራሽ ላይ አስተኝታ ጋቢ አለበሰቻት።

«እማዬ፣ ድምፁ ከረበሸሽ እንዲያቆሙ ልንገራቸው።»

ውጭ ብሎኬት እየተሰበረ ይወድቃል፣ ሠራተኞቹ «ዞር በል! ዞር በል!» ይባባላሉ። እሌኒ ጎንበስ ብላ ስታያት እናቷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።